ዕውቀት ከአዳራሽ ይውጣ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የበሽታ መከላከል አሠልጣኞችን ስለ ማሠልጠን

ማንኛውም ዕውቀት ማኅበራዊ ኃይል የሚሆነው ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ሲሆን ነው። ይህ በእርሻም ሆነ በኢንዱስትሪ የተረጋገጠ ሐቅ ሲሆን በጤና አገልግሎት ዘንድ ግን ገና በሚገባ ሥር አልሰደደም። በተለይም በሕክምና ተቋማት ውስጥ በሽታ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ የሚደረገው ጥንቃቄ የሐኪሙና የነርሷ የግል ሙያ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ወለሉን የሚወለውለው ሠራተኛ፣ አንሶላ የምታጥበው ሴት፣ ከሕመምተኛው አልጋ ሥር ጋቢ አንጥፋ የምታድረው አስታማሚ፣ ሬሳ የሚያጥበው የቅሬ አባል ከዚህ ዕውቀት ደጃፍ ላይ ቆመው ቀርተዋል። ተሕዋሲያን ግን የሥራ መደብ አይለዩም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጤና አስተዳደሩ ዘንድ «የአሠልጣኞች ሥልጠና» የሚባለው አሠራር ተስፋፍቷል። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ከየሆስፒታሉና ከየጤና ጣቢያው የተመረጡ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ አዋላጆችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለጥቂት ቀናት ይሠለጥናሉ፤ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ተመልሰውም የተማሩትን ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያስተምራሉ፤ እነዚያም በተራቸው ለሌሎች ያስተላልፋሉ። አንዱ ሃያውን፣ ሃያው አራት መቶውን ያዳርሳል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ የሕዝብ ትምህርት ስልት ያለ አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ስልት በደሴና በኮምቦልቻ ተጨባጭ ሁኔታ ሲመዘን እስከ የት ሊያደርስ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚሰናከል መመርመር ነው።

ሁለቱን ከተሞች የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኙ፣ በአንድ መንገድና በአንድ ወንዝ፣ በቦርከና፣ የተሳሰሩ ከተሞች ናቸው። አንደኛዋ የሕክምናና የትምህርት ከተማ ናት። የደሴ ሆስፒታል የደቡብ ወሎን ብቻ ሳይሆን ከአጎራባች ዞኖችና ከአፋር የሚመጣውን ሕመምተኛ ጭምር ይቀበላል፤ የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቻቸውን የሚያለማምዱትም እዚሁ ነው። ሁለተኛዋ የወዝ አደር ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያ ነው። የታመመ የፋብሪካ ሠራተኛ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይታከማል፤ ሲድንም ሐረጎን ወርዶ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። በሽታም የሚመላለሰው በዚያው መንገድ ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አኃዝ ይናገር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ በበለጸጉ አገሮች ሆስፒታል ከሚገቡ 100 ሕመምተኞች መካከል 7 ያህሉ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15 ያህሉ፣ ሲገቡ ያልነበረባቸው ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው በሕክምና ላይ ሳሉ ይይዛቸዋል። በዚህ ከተያዙት ከ10 ሰዎች በአማካይ አንዱ ይሞታል። በእጅ ንጽሕናና በሌሎች ብዙ ወጪ በማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ግን ጉዳቱን እስከ 70 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል ያው ሪፖርት ይገልጻል። በአጭሩ፣ ልጇን በቀዶ ሕክምና ተገላግላ በአምስተኛው ቀን መውጣት የሚገባት እናት ቁስሏ አመርቅዞ ወር ስትተኛ፣ አልጋ የሚያጣው ሌላ ሕመምተኛ ነው፤ ለመድኃኒት የሚሸጠው የቤተሰቡ በግ ነው፤ የሚቋረጠውም የአባወራው የቀን ደመወዝ ነው።

ዕውቀትን በማግኘትና ዕውቀትን በማስተማር መካከል ስላለው ልዩነት ከሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞችና ተማሪዎች የሞት ምክንያት መሆናቸውን ደረሰበት። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ክፍል፣ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ በሰኔ ወር የሞቱት ከ100 ወላዶች 2 ያህል ብቻ ሆኑ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በሕክምና ታሪክ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ዜመልቫይስ የደረሰበትን ቁም ነገር በመጽሐፍ ያወጣው ከ14 ዓመታት በኋላ ነው፤ የማይሰሙትን ባልደረቦቹን በትዕግሥት ከማስረዳት ይልቅ በነፍሰ ገዳይነት እየወነጀለ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሕሙማን መቆያ ውስጥ ሞተ። ሐኪሞቹ በትዕቢታቸው ተወቃሾች ናቸው። እርሱም ቢሆን ያወቀውን ሌላው ሰው እንዲያውቀውና እንዲሠራበት የሚያደርግ ዘዴ አልነበረውም። በዚህ መካከል የሞቱት እናቶች ናቸው።

እንግዲህ የአሠልጣኞች ሥልጠና የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ጥያቄው ይሞላዋል ወይ የሚል ነው።

በመላ አገሪቱ የተለመደውን አካሄድ ሁሉም ያውቀዋል። ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል። ግድግዳው ላይ በሚያርፈው ብርሃን የተጻፈው ይነበባል፤ ሻይ ይጠጣል፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ አበል ይከፈላል። ሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ለማስተማር ባለው ችሎታ ሳይሆን በተራ ነው፤ «እርሱ አምና ሄዷል፣ ዘንድሮ እርሷ ትሂድ» በሚል የደግነት ስሌት። ይህ ለአበሉ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ለሕመምተኛው ግን ፍትሕ አይደለም። ሠልጣኟ ወደ ሥራዋ ስትመለስም የምታስተምርበት ሰዓት በመርሐ ግብር አይያዝላትም። የተማረችውን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ሰው ቆሞ፣ ግማሹ ስልኩን እያየ፣ በሠላሳ ደቂቃ ታወራዋለች። ሪፖርቱም «40 ሠራተኞች ሠልጥነዋል» ተብሎ ይጻፋል።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትምህርት በየደረጃው እንደሚሸረፍ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ትምህርቱ ከሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ እያንዳንዱ ሠራተኛ በአራት ደረጃ ይወርዳል እንበል። በየደረጃው ተቀባዩ ከሰማው ሦስት አራተኛውን ይዞ ያስተላልፋል ብለን ብንገምት እንኳ፣ ይህም ለጋስ ግምት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሠራተኛ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ ሠላሳ ሁለት ያህሉ ነው። የጠፋው ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ለምን» የሚለው ክፍል ነው። ትእዛዙ ይቀራል፤ ምክንያቱ ይጠፋል።

ምክንያቱ ያልገባው ሰው ትእዛዙን በተሳሳተ ቦታ ይፈጽመዋል። በረኪናን እንውሰድ። በየቤቱና በየሆስፒታሉ የሚታወቅ ነገር ነው። ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ደም የፈሰሰበትን ቦታ ለማከም የሚያገለግል 0.5 በመቶ ውህድ ይሰጣል። ይህን ማስታወስ አይከብድም። ነገር ግን ቆሻሻና ደም ክሎሪኑን ራሱን እንደሚበሉት ያልተነገረው የጽዳት ሠራተኛ፣ ደሙን አስቀድሞ በጨርቅ ሳያነሣ በረኪናውን ያፈስበትና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ውህዱ ሲውል ሲያድር ኃይሉን እንደሚያጣ ያልተረዳች ሠራተኛ የትናንቱን ባልዲ ዛሬም ትጠቀምበታለች፤ ቆጣቢ ነኝ ብላም ታስባለች። በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲደባለቅ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ እንደሚወጣው ያልሰማ ሰው ደግሞ ሁለቱን ቀላቅሎ «የበለጠ ያጸዳል» ይላል። እነዚህ ስሕተቶች ከስንፍና የመነጩ አይደሉም። ሰውዬው ይሠራል፤ ያውም ተግቶ ይሠራል።

ከዚህም በላይ ሳይንሱ ራሱ ይለወጣል። ለብዙ ዓመታት በየሥልጠናው በቃል ሲደገም የኖረው መመሪያ፣ ያገለገሉ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ከመታጠባቸው በፊት በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፉ የሚል ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የመሣሪያ ንጽሕና መመሪያ ግን ይህን አልደገፈም። ደም ያለበት መሣሪያ ሲዘፈዘፍ ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል፤ መሣሪያው ይዝጋል፤ የተዘፈዘፈውን ይዞ የሚሄደው ሠራተኛም ለአደጋ ይጋለጣል። መሣሪያው በቅድሚያ በሳሙናና በውሃ በሚገባ ታጥቦ ነው ወደ ማምከኛው መግባት ያለበት። አሥር ደቂቃውን እንደ ጸሎት የሸመደደ አሠልጣኝ ይህን ለውጥ ሲሰማ ይናደዳል፤ «ትናንት ያስተማራችሁንን ዛሬ አፈረሳችሁት» ይላል። የክሎሪንን ጠባይ የተረዳው ግን ምክንያቱን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል፤ ለሌላውም ያስረዳል። በአሠልጣኝነት የሚመረጠው ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው መሆን እንዳለበት የሚያከራክር አይመስለንም።

በሀገራችን ያወቀ ላላወቀ የሚያስተምርበት ሰፊ እንቅስቃሴ አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስታውሷል። ዘመኑ ብዙ ደም የፈሰሰበት፣ ብዙ ቤት የተዘጋበት ዘመን እንደነበር አይካድም፤ ይህን መሸፋፈን አይቻልም፤ ዘመቻው ራሱ ግን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነበር። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ትምህርቱም የኋላ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነጥብ አለ። በዚያ ዘመቻ ፈተና የሚቀመጠውና የምስክር ወረቀት የሚያገኘው ተማሪው ነበር። ዛሬ በጤናው መስክ የምስክር ወረቀቱን የሚወስደው አሠልጣኙ ሲሆን፣ እርሱ ያስተማራት የጽዳት ሠራተኛ ምን እንዳወቀች የሚጠይቃት የለም። መለኪያው ተገልብጧል።

የጽዳት ሠራተኞችን ነገር በጥልቀት ማየት ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የበሽታ መከላከል መርሐ ግብር ምክር፣ ሥልጠናው ከሕክምና ባለሙያዎች ሌላ የጽዳትና የድጋፍ ሠራተኞችን እንዲያካትት፣ አሰጣጡም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በተግባር እንዲሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ይህ ምክር ከባዶ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ በተስፋፋበት ጊዜ፣ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን 815 የጤና ሠራተኞች በበሽታው እንደተያዙ ድርጅቱ መዝግቧል፤ የመያዝ ዕድላቸውም ከሌላው አዋቂ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 እጥፍ የበለጠ እንደነበር ገልጿል። ከእነዚህ መካከል ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ የጽዳት ሠራተኞችም ነበሩበት። በእኛም አገር በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጋገጠበት ወቅት በበሽታው ከተጠቁት መካከል የጤና ባለሙያዎች ይገኙ ነበር።

እንግዲህ ያገለገለ መርፌ በተሳሳተ ቦታ ሲጣል የሚወጋት፣ የማሕፀን ደም ያለበትን አንሶላ በእጇ የምታነሣ፣ በወር ደመወዟ ከሁሉ ዝቅ ያለችው ሠራተኛ ናት። በሥልጠና ምርጫ ግን መጨረሻ የምትታወሰው እርሷ ናት። አንዳንዱ ኃላፊ «ማንበብ ስለማይችሉ አይገባቸውም» ይላል። ይህ አእምሮንና እጅን ለያይቶ የሚያይ፣ ባለሙያውን ከሠራተኛው በላይ የሚያስቀምጥ ያረጀ አስተሳሰብ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት አንድ ዋርድ ያጸዳች ሴት፣ የትኛው ማእዘን እንደሚቆሽሽ፣ የትኛው ነርስ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እንደሚሄድ፣ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከእንዲህ ዓይነቶቹ መካከል ተመርጠው አሠልጣኝ ቢሆኑ፣ በአዲስ የምትቀጠረውን ሠራተኛ ባልዲውን ይዘው፣ መወልወያውን እያሳዩ፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው እየሄዱ ቢያስተምሯት፣ የአዳራሹ ሠላሳ ደቂቃ የማያደርሰው ቦታ ይደርሳሉ። አሠልጣኝ የሚለውን ማዕረግ ለዲግሪ ብቻ መስጠት የትምህርቱን መንገድ ከጅምሩ ማጥበብ ነው።

ሌላው ተረስቶ የኖረው ኃይል አስታማሚው ነው። በኛ አገር ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት፣ እኅት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት አብሮ ይገባል። የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ የሽንት ዕቃውን የሚደፋው፣ ላቡን የሚጠርገው አስታማሚው ነው። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ከሆነም ሌሊቱን እዚያው ወለል ላይ ያሳልፋል። በሥራ ድርሻ ከተመዘነ አስታማሚው ያልተቀጠረ፣ ያልሠለጠነ፣ ጓንት ያልተሰጠው ነርስ ነው። የአንዱን አስታማሚ ወጥ ሌላው አስታማሚ ያሞቅለታል፤ የአንዱን ሕመምተኛ ሌላው ይደግፋል፤ ይህ የወሎ ሰው ደግነት ነው፤ ይሁን እንጂ እጁን ሳይታጠብ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው ደግነት ተሕዋሲያኑንም ይዞ ይሄዳል። ሕመምተኛው በተኛበት ቀን አሥር ደቂቃ ወስዶ ለአስታማሚው እጁን መቼ መታጠብ እንዳለበት፣ የቁስሉን ፋሻ ለምን መንካት እንደሌለበት የሚያስረዳ ሰው በየዋርዱ ቢመደብ ምን ያህል ቁስል ከማመርቀዝ ይድናል? ለዚህ ሥራ የሚውሉ የጤና ተማሪዎች በደሴ ሞልተዋል። ተማሪው ራሱ ሲያስተምር ይማራል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ይኸውም ቅሬ ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ላይ ያቀፈ፣ በሞት ቀን ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ድንኳን የሚያስተክል፣ ለቅሶ ያልደረሰውን የሚቀጣ፣ በአጥፊው ላይም የማኅበራዊ መገለልን ያህል ብርቱ ቅጣት የማሳለፍ ሥልጣን ያለው የሕዝብ ድርጅት ነው። ማንም ቢሮ ያላቋቋመው፣ በጀት ያልተመደበለት፣ ሆኖም ከማንኛውም ቢሮ ይልቅ ሰዓት የሚከበርበት ማኅበር ነው። ለበሽታ መከላከል ትምህርት ከዚህ የተሻለ መዋቅር ከየት ይመጣል?

ቅሬው ከበሽታ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ሥራም አለው። ሬሳን በሃይማኖቱ ሥርዓት አጥቦ መገነዝ ታላቅ ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ ማንም አይነካውም፤ ሊነካውም አይገባም። ዳሩ ግን በኮሌራ የሞተ ሰው ሰውነት የሚያወጣው ፈሳሽ፣ እንደ ማርበርግ ባለ ደም በሚያፈስ በሽታ የሞተ ሰው ቆዳ ራሱ፣ ያጣቢውን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በኢቦላ ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ ከታዩት የመተላለፊያ መንገዶች አንዱ ይኸው የቀብር ሥርዓት ነበር። በዚያም የተማሩት ትልቅ ትምህርት ሥርዓቱን በፖሊስ መከልከል ሕዝቡ ሬሳ እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር እንደማይፈይድ ነው። የተሳካው የሃይማኖት አባቶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ራሳቸው ክብርን ሳይነኩ አደጋውን የሚቀንስ አቀባበር እንዲያበጁ ሲደረግ ነው። እንግዲህ በየቅሬው ሁለት ሦስት አጣቢዎች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ አስቀድመው በሰላሙ ቀን ቢሠለጥኑ፣ ጓንት ማጥለቅና ማውለቅን፣ መቼ የጤና ጣቢያውን መጥራት እንዳለባቸው ቢያውቁ፣ ችግር የመጣ ዕለት የሚታዘዙት የማይታወቁ ነጭ ለባሾችን ሳይሆን የራሳቸውን የቅሬ ዳኛ ይሆናል።

የወሎ ሕዝብ ተላላፊ በሽታ ከችግር ጋር ተከታትሎ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ርሃብ ጊዜ በየመጠለያው የተሰበሰበውን ወገን በቅማል የሚተላለፈው ተስቦና ግርሻ፣ ተቅማጡም ተባብረው ፈጅተውታል። በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ታጭቆ ሲያድር ያው አደጋ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ የተነሣው ኮሌራም ቆይቶ ወደ አማራ ክልል ተዛምቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል የተሰበሰበውን ሕመምተኛ ማጥቃቱ ይታወሳል።

ኮቪድም የሚያስተምረን ነገር አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀው ያው ሆስፒታል፣ የኮቪድ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ አገልግሏል። በየባንኩና በየታክሲው ተራ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና ተተከለ። ልጅ አዋቂው እጁን ታጠበ። ከዓመት በኋላ ግን በርሜሉ ደርቆ፣ ቧንቧው ተሰብሮ፣ የሚቀመጥበት ብረት ዝጎ ቀረ። ዘመቻው ፍርሃትን አስተማረ፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ትምህርቱም አለፈ። ዓመቱን ሙሉ በሰፈሩ የሚኖር አስተማሪ ቢኖር ግን እንዲህ ባልሆነ።

እንዲህ ዓይነት አስተማሪ አለን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር መሠረት ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው የተመደቡ ሲሆን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆኗል፤ በኋላም ወደ ከተሞች ተዛምቷል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የጽዳት ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ችግሩ የሆስፒታሉ አሠልጣኝና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች መያዛቸው ነው። አንዱ በሆስፒታል ውስጥ፣ ሌላዋ በሰፈር ውስጥ፣ ስለ አንድ ተሕዋሲ እያስተማሩ አይተዋወቁም።

ፋብሪካዎቹንም ማለፍ አይገባም። በኮምቦልቻ በአንድ ክፍል ተከራይተው በፈረቃ የሚያድሩ ወጣት ሠራተኞች አሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እንግዳ አይደለም። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ከሆስፒታሉ ጋር አብራ ብትሠለጥን፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ሁለት ሰው ብታሠለጥን፣ ወጪው ኢምንት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ መቃወሚያ አለ፤ ቸል ሊባል አይገባውም። «ውሃ በሌለበት እጅ ታጠቡ ብሎ ማስተማር ምን ይጠቅማል? ለሥልጠናው የሚወጣው ገንዘብ ለሳሙና፣ ለጓንትና ለውሃ ማጠራቀሚያ ይዋል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ወቅት የጤና ተቋማቱ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ከተሞቹ ዳግም ሲያዙ ሐኪሙ የጠበቀው ባዶ ክፍል ነበር። ማምከኛው መሣሪያ በሌለበት ስለ ማምከን ማስተማር ስላቅ ይሆናል። ነገር ግን ሌላኛው ግማሽ እውነት ይህ ነው፦ ዕቃው በሚመጣበት ጊዜ እንኳ ማን ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ቆጥሮ የሚጠይቅ፣ የውሃው ታንከር ባዶ በሆነ ዕለት ኃላፊውን የሚሞግት፣ ያወቀ ሠራተኛ ከሌለ ጓንቱ በመጋዘን ቆልፎ ጊዜው ያልፍበታል። በሚገባ የሠለጠነ አሠልጣኝ ስለ እጅ መታጠብ ብቻ አይደለም የሚያስተምረው፤ የመታጠቢያውን ውሃ መጠየቅም ያስተምራል። ይህ ደግሞ አንዳንድ ኃላፊዎች የማይወዱት ትምህርት ነው።

ስለዚህ ለውጡ ከምርጫው ይጀምር። ማን ለአሠልጣኝነት ይሂድ የሚለውን የአበል ተራ ሳይሆን የሥራ ባልደረቦች ድምፅ ይወስነው፤ ሰው ማን በደንብ እንደሚያስረዳው ያውቃል። ከሥልጠናው ቀናት ግማሹ በዋርድ፣ በልብስ ማጠቢያውና በቆሻሻ ማቃጠያው ዙሪያ ይዋል፤ ሠልጣኙም አንድ የጽዳት ሠራተኛና አንድ አስታማሚ በተግባር አስተምሮ ሳያሳይ ወረቀት አይሰጠው። ሲመለስ በሳምንት ሁለት ሰዓት የማስተማሪያ ጊዜ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍለት። ደሴ የሠለጠነው በወር አንድ ጊዜ ሐረጎን ይውረድ፤ ኮምቦልቻ ያለውም ይውጣ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ይይ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚሁ ቡድን ውስጥ ትግባ።

የቀበሌና የቅሬ አባላት ከዚህ መካከል ለመጀመር የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ድርሻ አላቸው። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ፣ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ዳኛው ሃያ ደቂቃ ያስተርፉ፤ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሠለጠነች አንዲት ነርስ ትጠራ። አጣቢዎቹ ከፊት ይቀመጡ። ባልዲ፣ ሳሙናና አንድ ጥንድ ጓንት ይቅረብ። ንግግሩ ይጠርና ሁለቱ አጣቢዎች በሕዝቡ ፊት ጓንቱን አጥልቀው ያውልቁት፤ የተሳሳተውን ነርሷ ታርመው። ለነርሷ የሐረጎን መጓጓዣ ቅሬው ይክፈል፤ ከድንኳን ኪራይ አይበልጥም። ከሦስት ወር በኋላም ያቺው ነርስ ተመልሳ እነዚያኑ ሁለት ሰዎች፣ ሳይነገራቸው፣ እንደገና እንዲያሳዩ ትጠይቃቸው።